ጋራዡን በረት ላደረጋችሁልን ሁሉ

እንኳን ለጌታችን ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ!

ይህን የምጽፈው በሰንበት ትምህርት ቤታችን የኪነ ጥበብ ክፍል ስም ነው። አንዳንዱ ግን የራሴ አስተያየት ስለሆነ ክፍሉን እንዳትወቅሱ። ታኅሣሥ 26 እሑድ ማታ የልደቱን ታሪክ በድራማ፣ በሥዕል፣ በበገናና በዝማሬ ስናቀርብ የተገኛችሁ፣ ከጀርባ ሆናችሁ የሮጣችሁ፣ ነጠላና ጋቢ ያዋሳችሁ፣ ሳትጠሩ መጥታችሁ ቆሎ የቆላችሁ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን።

ላልሰማችሁ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። አዳራሽ ይዘን ነበር። ጾመ ነቢያት ከገባ ጀምሮ ስንለማመድ ከርመናል። የመድረኩን ስፋት በእርምጃ ለክተን፣ እረኞቹ በየት ይገባሉ፣ መልአኩ የት ይቆማል የሚለውን ሁሉ ጨርሰን፣ መጨረሻው ሳምንት ላይ ስልክ ተደወለ። አዳራሹ ለሌላ ስብሰባ ተሰጥቷል። አለቀ። ቀብዳችንን መለሱልን፣ በቀብድ ላይ ግን ድራማ አይሠራም። አንዱ ዲያቆን «ሉቃስ 2፥7 በተግባር!» ብሎ፣ በእንግዶች ማደሪያ ስፍራ አልነበራቸውም የሚለውን ማለቱ ነው፣ ሊያስቀን ሞከረ። ያን ሰዓት ማንም አልሳቀለትም።

እና የመጀመሪያው ምስጋና ለባለጋራዡ ለጋሼ ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ አስጠንቅቀውኛል፣ አልጽፍም። ጋሼ ሙስሊም ናቸው። የገና ድራማ የምናሳይበት ቦታ አጣን ብለን ስንነግራቸው ብዙ አላወሩም፤ «እሑድ ሥራ የለም፣ ቁልፉን ውሰዱ» አሉን። ባለቤታቸው ደግሞ «የመርየምን ታሪክ እኛም እናውቀዋለን» ብለው ከልጆቻቸው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠው እስከ መጨረሻው አዩ። ጋሼ፣ አላህ ይስጥልን።

ጋራዡን ያያችሁት ከተሰናዳ በኋላ ነው። ቅዳሜ ማታ ብታዩት ኖሮ! ወለሉ የስንት ዓመት ዘይት የጠጣ ነው። መጀመሪያ ሰጋቱራ ደፋንበት፣ ቀጥሎ ገለባ፣ ከላይ ቄጠማ። ግርግሙ የመፍቻ ማስቀመጫ የነበረ የእንጨት ሣጥን ነው። ኮከቡን የጋራዡ ልጆች ከአሮጌ መኪና ላሜራ ቆርጠው በየዱልን፤ አንዱ ጫፉ ትንሽ ጠመም ብሏል፣ እኔ ግን ከሱቅ ኮከብ አልለውጠውም። የዘይቱ ሽታ እንደሆነ አልጠፋም። በረትም እኮ ይሸታል። በንጹሕ አዳራሽ ውስጥ ሆነን «በበረት ተወለደ» ብንል ማን ከልቡ ይሰማናል? ደግሞ ልናገረውና ይውጣልኝ፤ በየሱቁ በር ጥጥ እንደ በረዶ የተለጠፈበት ዛፍና ቀይ ካፖርት የለበሰ ሽማግሌ ቆሞ ሳይ ደስ አይለኝም። ልጆቻችን ገና ሲባል መጀመሪያ የሚመጣባቸው እሱ ከሆነ ሕፃኑን የት አስቀመጥነው?

ሥዕሉን ላሠራህልን ሠዓሊ ወንድማችን። በዚያ ትልቅ አቡጀዲ ላይ ልጆቹን እያስያዝክ ስታሠራ አንድም ቀን አልጮህክም፣ ቀለም ተደፍቶ እንኳን። ማርያምና ሕፃኑ መሐል፣ ላሟና አህያዋ በትንፋሻቸው ሲያሞቁት፣ እረኞቹ በአንድ ወገን፣ ሰብአ ሰገል በሌላው። ልጆቹ ከሁሉም የወደዱት ግን የሄሮድስን ነው። በድሮው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደጋግ ሰዎች ሁለት ዓይናቸው ይታያል፣ ክፉዎች ግን በጎን ስለሚሣሉ አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው። ይህን ለልጆቹ ስታስረዳ በድራማው ሄሮድስን ሆኖ የሚተውነው ልጅ ጥግ ቆሞ ያዳምጥ ነበር። ምንም አላለንም። እሑድ ማታ መድረክ ላይ ወጣና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጎኑ ቆሞ ተወነ! ሰብአ ሰገልን ሲያናግር በጎኑ፣ ዙፋኑ ላይ ሲቀመጥ በጎኑ፣ ሲወጣም እንደ ሸርጣን በጎኑ። ሰው መጀመሪያ ሳቀ። ኋላ ሥዕሉ ከጀርባው ስለነበር ገባውና ጭብጨባው ቀለጠ። ይህንን ያዘጋጀው ዳይሬክተራችን አይደለም፣ ራሱ ልጁ ነው። እናቱ፣ ልጅዎት ይባረክ!

ዕለቱ ኖላዊ፣ ማለትም የእረኛ ሰንበት ስለነበር ድራማው ላይ ለእረኞቹ ሰፊ ቦታ ሰጠናቸው። አባቶቻችን የገና ጨዋታ የመጣው እረኞቹ የልደቱን ዜና ሲሰሙ በደስታ በዱላቸው ከተጫወቱት ነው ይሉናልና እኛም ጋራዡ ውስጥ አጫወትናቸው። ሩሩ፣ በዱላ የሚመታው ኳስ፣ አፈትልኮ አንደኛው ረድፍ ላይ የደብሩ አስተዳዳሪ እግር ሥር ገባ። ሁላችንም ደነገጥን። አባታችን ሩሩን አንስተው ወደ መድረኩ ወረወሩትና «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!» አሉ። አባታችን፣ ይፍቱን፣ ያን ቀን ልባችንን መለሱልን።

አሁን ወደ መብራቱ። እረኞቹ ተኝተዋል፣ መልአኩ ሊገለጥ ነው፣ ልክ በዚያች ሰዓት መብራት ድርግም። ጄኔሬተር አልያዝንም። የሕፃናት ልቅሶ ተሰማኝ። ወዲያው የጋራዡ ልጆች፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ለጥገና የገባችውን ሚኒባስ በር ከፍተው ፓውዛዋን አበሩት። ብርሃኑ ቀጥታ እረኞቹ ላይ አረፈ። እውነት እላችኋለሁ፣ ከዚህ በፊት በገዛነው የመድረክ መብራት እንደዚያ አምሮ አያውቅም። አንባቢያችን ትንሽ ዝም አለና «የጌታ ክብርም በዙሪያቸው አበራ» የሚለውን ሲያነብ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ባትሪው እንዳይሞት በየተራ ሞተር እያስነሣችሁ ጭሱን የዋጣችሁ ልጆች፣ ያለ እናንተ ያ ማታ በጨለማ ያልቅ ነበር።

መላእክቱ የቆሙት አይሱዙ ላይ ነው፤ አዎ፣ የጭነት መኪና ላይ። ሐሳቡ ላሊበላን ደጋግማ የተሳለመች እኅታችን ነው። እዚያ በልደት ዕለት በቤተ ማርያም ካህናቱ ከፊሎቹ አለቱ አናት ላይ፣ ከፊሎቹ ከታች ሆነው «ቤዛ ኵሉ» እየተቀባበሉ ይዘምራሉ፤ ከላይ ያሉት በመላእክቱ፣ ከታች ያሉት በእረኞቹ ምሳሌ። ጋራዥ ውስጥ አለት የለም፣ አይሱዙ ግን አለ። ከላይ ከጭነቱ ቦታ «ቤዛ ኵሉ ዓለም ዮም ተወልደ» (የዓለም ሁሉ ቤዛ ዛሬ ተወለደ) ሲሉ፣ ከታች እረኞቹ ሲመልሱ፣ በግራና በቀኝ ያለው ሕዝብም ተቀበለ። ያንን አላሰለጠንንም። አንዲት እናት ከኋላ እልልታዋን አስነሣችው፣ ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመው! እማማ፣ እርስዎ ማን እንደሆኑ እስካሁን አላወቅንም። ይህን የሚያውቅ ሰው ምስጋናችንን ያድርስልን።

በገና የደረደረልን ወንድማችን፣ አውታሮቹን በዚያ ብርድ እየቃኘህ ሥራህን ሳታጓድል ስለጨረስክ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። በጉባኤ ቃና፣ በአጭሩ ባለሁለት ቤት ቅኔ፣ ጀምሮ ቅኔ የዘረፈልን የቅኔ ተማሪም እንዲሁ፤ በአማርኛ ስለፈታህልን ደግሞ በተለይ። ካልፈታህልን ራሳችንን እየነቀነቅን አስመስለን ማለፋችን ነበር። ለዳቦና ለሻይ የዋለው የተመለሰልን ቀብድ ነው፣ ስለዚህ ለዚያ አዳራሽም ምስጋና ይድረሰው፣ ቂም የለንም።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ የሰፈራችን ልጆች መንገድ ላይ ይጫወታሉ። አንዱ ድንጋይ ላይ ቆሞ ሁለት እጁን ዘርግቷል፤ «እነሆ፥ ለሕዝቡ ሁሉ የሚሆን ታላቅ ደስታ የምሥራች እነግራችኋለሁና አትፍሩ!» ይላል፣ ቃሉን ሳያዛንፍ። ሌሎቹ መሬት ላይ ተኝተው ይነሣሉ፣ ይሮጣሉ፣ ይመለሱና እንደገና ይተኛሉ። ይህ ልጅ ከተዋንያኑ አይደለም። ከጋሼ ልጆች ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ያየ ነው። ያን ሁሉ ሳምንት ለምን እንደደከምን የጠየቃችሁኝ ጓደኞቼ፣ ሌላ መልስ የለኝም።

ሦስት ነገር ቀርቶኛል። ያዋሳችሁን ነጠላና ጋቢ ታጥቦ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ቢሮ ተቀምጧል፤ ባለአረንጓዴ ጥለቱን ነጠላ ገና የጠየቀው የለም። ሚኒባሷ ባትሪዋ በሰላም ነው፣ ባለቤቷም ሰምቶ ስቋል። አቡጀዲው ሥዕል ደግሞ እስከ ጥምቀት ጋራዡ ግድግዳ ላይ ይቆያል፤ ጋሼ በሥራ ሰዓት መጥታችሁ እንድታዩት ፈቅደዋል፣ ግን መኪናችሁን በር ላይ አታቁሙባቸው።