ጂኑን ከድንጋይ ያወጣው ማነው?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት ከነዳይኖሰሩ ፎቶ ያወጣችሁት ያ «ከቅሪተ አካል የተገኘ የ500 ሚሊዮን ዓመት ጂን» የሚለው ዜና ሐዋሳ ደርሶ እኔን ሥራ አስፈትቶኛል። ዳይኖሰሩን ልለፈው ብዬ ነበር ግን አልቻልኩም፣ የዛሬ 500 ሚሊዮን ዓመት ዳይኖሰር የት አለና፣ ሊመጣ እኮ ገና ከ250 ሚሊዮን ዓመት በላይ ይቀረዋል። ይሁን፣ ፎቶ ነው። እኔን ያቃጠለችኝ «ከቅሪተ አካል የተገኘ» የምትለዋ ናት።

ዜናው በወጣ ማግስት እማዬ ከይርጋለም ደወለችልኝ። «ልጄ፣ ጅን ከድንጋይ አውጥተው ጀርም ውስጥ አስገቡት አሉ፣ እውነት ነው?» አለችኝ። ጂንና ጅን ለሷ ያው ነው፣ እናንተ ደግሞ «ከሞት ተነሳ» ብላችሁ ጨመራችሁበት፣ ምን ታድርግ? ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ሄደሽ ጥሬ ዓሳ እንዳትበዪ ብላ አስምላኝ ነው የዘጋችው። መሃላውን አልጠበቅኩም፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ማንም ምንም ከድንጋይ አላወጣም። ዲኤንኤ (ጂን የሚጻፍበት ሞለኪውል) ያን ያህል አይቆይም፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆነውና የጥንት ጥንት የተባለው የግሪንላንዱ ዲኤንኤ እንኳን ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት ቢሆነው ነው፣ ያውም ብርድ ጠብቆት። ቤቱል ካቻር የምትባል ቱርካዊት ተመራማሪ (እናንተ «የአሜሪካ ሳይንቲስቶች» ብላችሁ ስሟን ዋጣችሁት) አሜሪካ ጆርጂያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ እያለች እ.ኤ.አ. በ2012 የተነገረላት ሥራ ዛሬ በሕይወት ያሉ ባክቴሪያዎች የያዙትን አንድ አይነት ጂን ፊደል በፊደል አስተያይቶ፣ የዘር ሐረጋቸውን ሠርቶ፣ የጋራ አያታቸው ጂን ምን ይመስል እንደነበር ከተሰላ በኋላ ያንን ጂን ላብራቶሪ ውስጥ አሠርቶ ዛሬ ያለ ኢ ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ ውስጥ ማስገባት ነው። አልተቆፈረም፣ ተሰላ። ስሌት ለመሆኑ ምስክር ከፈለጋችሁ እ.ኤ.አ. በ2012 «500 ሚሊዮን» የተባለው ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው ጥናት ላይ ወደ 700 ሚሊዮን ነው የሚለው።

ግምት ነው ማለት ደግሞ ዝም ብሎ ወሬ ነው ማለት አይደለም። የተሰላው ጂን ከእውነተኛው አያት ጋር ፊደል በፊደል አንድ ነው ብሎ የሚምል የለም፣ ለዛም ነው ሕያው ባክቴሪያ ውስጥ አስገብተው የሚፈትኑት፣ ይሠራል ወይስ አይሠራም።

የዜናችሁ መጨረሻ ላይ ያለችው መስመር ግን ባሰችብኝ። «ጉዳዩን የሚያብራራልን የሀገር ውስጥ ባለሙያ ማግኘት አልቻልንም።» የት ፈለጋችሁ? ከቦሌ እስከ ስታዲየም? እኔ 11 ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ፣ ክፍሌ 64 ተማሪ አለ፣ ማይክሮስኮፓችን ሌንሱ ከተሰበረ ሦስት ዓመቱ ነው፣ እና ይህንኑ እናንተ ባለሙያ ያጣችሁለትን ነገር በወረቀት ነው የማስተምረው።

እንዲህ ነው። ለአንድ ልጅ «አርብ ማታ አሞራ ገደል ሄደን ዓሳ በላን» ብዬ ጽፌ ለአስር ሰከንድ አሳየውና ከጭንቅላቱ ይጽፋል፣ እሱ ለሌሎች ያሳያል፣ እነሱም ለሌሎች፣ እንዲህ እያለ መጨረሻው ረድፍ ይደርሳል። ከዛ የመጨረሻዎቹን አምስት ወረቀቶች ብቻ ሰሌዳ ላይ ለጥፌ መጀመሪያ የተጻፈው ምን ነበር እላቸዋለሁ። ባለፈው ሦስቱ «ቅዳሜ ማታ» ይላሉ፣ ሁለቱ «አርብ ማታ»። ክፍሉ በአንድ ድምፅ ቅዳሜ! አለ። ከኋላ የሚቀመጥ፣ ተርሙን ሙሉ ሲናገር ሰምቼው የማላውቅ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ሦስቱም እኮ ከአንድ ልጅ ላይ ነው የገለበጡት፣ አርብ ያሉት ግን በተለያየ መንገድ ነው የመጣላቸው» አለ። በቃ፣ ይኸው ነው! የሦስቱ ድምፅ እንደ አንድ ነው የሚቆጠረው፣ ስለዚህ አርብ። ዋናው ወረቀት ኪሴ ውስጥ እንዳለ ማንም አላየውም፣ እነሱ ግን ደረሱበት። ሰሌዳው ላይ ያሉት ወረቀቶች ዛሬ ያሉት ባክቴሪያዎች ጂን ናቸው፣ ኪሴ ያለው ደግሞ የአያታቸው። «ከቅሪተ አካል የተገኘ» ስትሉ ያ ልጅ ያሰበውን ነው የሰረዛችሁት።

«ባክቴሪያው ከሞት ተነሳ» የሚለውንስ? ኢ ኮላይ ከ4,000 በላይ ጂን አለው፣ የገባለት አሮጌ ጂን አንድ ነው። ቪትዝ ላይ የላዳ ካምቢዮ ገጥማችሁ ላዳ ከሞት ተነሳች ትላላችሁ? ጂኑ የሚያሠራው ባክቴሪያው ፕሮቲን ሲሠራ ጥሬ ዕቃ የሚያቀብል ፕሮቲን ነው፣ አሮጌው ሲገባ ባክቴሪያው አልሞተም ግን የመራባት ፍጥነቱ በግማሽ ያህል ወረደ። ከዛ ለ2,000 ትውልድ አራቡትና እያገገመ መጣ፣ አንዱ ዘዴው ያንን አሮጌ ፕሮቲን በብዛት ማምረት ነው። ደስ የሚለው ክፍል ይሄ ነበር፣ እናንተ ጋ ግማሽ መስመር እንኳን አላገኘም፣ ዳይኖሰሩ ግን ግማሽ ገጽ ይዟል።

ማስተካከያ እንድታወጡ ሁለት ጊዜ ኢሜይል ልኬ መልስ የለም፣ ለዚህ ነው ይህን ለአንባቢ የጻፍኩት። ማክሰኞ አራተኛ ፔሬድ ክፍል አለኝ፣ ጋዜጠኛችሁን ላኩት፣ ከዛ ልጅ አጠገብ ቦታ አለ። ሲመጣ ጠመኔ ይዞ ይምጣ፣ አልቆብናል።

የባዮሎጂ መምህርት፣ ከሐዋሳ