እማዬ፣ ስለ ባሕሩ ለጠየቅሽኝ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። «ባሕር ላይ የሚተክሏቸው የንፋስ ተርባይኖች ውኃውን አይመርዙትም ወይ?» ላልሽኝ በችኮላ መመለስ አልፈለግኩም። የምሠራውም ይህንኑ ስለሆነ ረጋ ብዬ ልጻፍልሽ።

ተርባይኑ ነዳጅ አያቃጥልም፣ ጭስም የለውም። እኔን የሚያሳስበኝ ከውኃው በታች ያለው ነው። እግሩ (ምሰሶው) ብዙ ጊዜ የባሕሩ ወለል ውስጥ የተቀበረ ወፍራም የብረት ቱቦ ነው። ጨዋማ ውኃ ደግሞ ብረት ይበላል። ዝገት እንዳይጨርሰው አኖድ የሚባሉ ትልልቅ የአሉሚኒየም ቅይጥ ቁራጮች ይገጠሙለታል። እነሱ በብረቱ ፈንታ ቀስ በቀስ እየሟሙ ያልቃሉ። የሟሟው የት ይሄዳል? መጀመሪያ ወደ ውኃው፣ ከዚያም ወደ ደለሉ። ቅይጡ ውስጥ ዚንክና ኢንዲየም የሚባሉ ብረታ ብረቶች አሉ፤ በጥቂቱ ካድሚየምና እርሳስም ሊኖርበት ይችላል። ይህ እንግዲህ ከ20 ዓመት በላይ የሚቀጥል ነገር ነው።

በኤሌክትሪክ ዝገትን የመከላከል ዘዴም አለ። ወደ ውኃው የሚለቀው ብረታ ብረት በጣም ያነሰ ነው። ክሎሪን ሊያመነጭ ስለሚችል እሱም መለካት አለበት፤ ግን ምረጥ ብባል እሱን ነው የምመርጠው።

ከባዱ ነገር የማን ጥፋት እንደሆነ መለየቱ ነው። ወንዞችም መርከቦችም ብረታ ብረት ያመጣሉ። አሉሚኒየም ደግሞ በተፈጥሮው ሸክላ አፈር ውስጥ ሞልቷል። በዚያ ላይ ደቃቅ ጭቃ ከአሸዋ ይልቅ ብዙ ብረታ ብረት ይይዛል። ስለዚህ ጭቃ የበዛበት ቦታ ሳይበከል የተበከለ ይመስላል። ለዚህ ነው ከ63 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር ሺህኛ) በታች ያለውን ደቃቅ ክፍል በወንፊት ለይተን የምንለካው። ከሁሉም በላይ ግን ምሰሶ ሳይተከል በፊት መለካት፣ ተርባይን የሌለበት ተመሳሳይ ቦታም አብሮ መለካት ያስፈልጋል። ይህ ካልተደረገ በኋላ የሚመጣው ቁጥር ሁሉ ለክርክር ብቻ ነው የሚሆነው። በዚህ ነገር ላይ ድርቅ እላለሁ።

ናሙና ሲወሰድ ብታዪ ደስ ይልሽ ነበር። መንጋጋ ያለው መሣሪያ በገመድ ይወርዳል፤ ወለሉን ሲነካ ግጥም ይላል። ሲወጣ ክዳኑን ከፍተን እናያለን። ደለሉ ላይ የተኛው ውኃ ጥርት ካለ እንቀበለዋለን፤ ከደፈረሰ ወይም ከታጠበ ይደፋና እንደገና ይወርዳል። ከዚያ በፕላስቲክ ማንኪያ ከመሃሉ የላይኛው ስስ ሽፋን ብቻ ይነሳል። የመሣሪያው ግድግዳ ብረት ስለሆነ ማንኪያው እንዲነካው አይፈቀድም። የውኃ ናሙና የምንቀዳበት ጠርሙስም በአሲድ የታጠበ ነው።

ከብረቱ ሌላ ጭቃውም አለ። እንግሊዝ ውስጥ በቴምዝ ወንዝ አፍ አካባቢ፣ ታኔትና ለንደን አሬይ በሚባሉት የንፋስ ኃይል ጣቢያዎች፣ የባሕሩ ውኃ ከፍና ዝቅ እያለ ሲፈስ ከየምሰሶው ጀርባ የደፈረሰ ውኃ እንደ ጭራ ለብዙ ኪሎ ሜትር ይዘረጋል። ላንድሳት 8 ሳተላይት ከሰማይ አንስቶታል። ያስደነግጣል፤ ግን ድፍርስ መርዝ ማለት አይደለም። ምሰሶው ላይ የሚበቅሉት ሙሰል የሚባሉ ባለቅርፊቶችም ኩሳቸው ወለሉ ላይ ይወርዳል። ቤልጂየም ውስጥ ቶርንቶንባንክ በሚባለው ጣቢያ ከተርባይኑ እግር አጠገብ ደለሉ ደቅቆ፣ የሕያዋን ብስባሽም ጨምሮ ተገኝቷል።

ታዲያ ይመርዛል ወይ? እስካሁን ጎልቶ የታየው ለውጥ እግሩ አካባቢ ያለው ነው፤ ባሕሩን በሙሉ መረዘ የሚያሰኝ ነገር አልታየም። ግን የባሕር ላይ ተርባይን በ1991 (እ.ኤ.አ.) ዴንማርክ ቪንደቢ ላይ ሲጀመር 11 ተርባይን ብቻ ነበር። አሁን ሰሜን ባሕር ላይ በሺዎች ይቆጠራሉ። እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱን ክልል ብቻ ለክቶ «እኔ ጋ ደህና ነው» ቢል የሁሉም ድምር አይታወቅም። ውጤቱ ለሁሉም ክፍት ሆኖ በአንድ ላይ እንዲደመር ነው አሁን እየወተወትን ያለነው።

ጤናሽን ጠብቂልኝ።

የምወድሽ ልጅሽ