ካላኒሽም ትነገር

ውድ አዘጋጅ፣

በእንግሊዝ አገር ስላለው ጥንታዊ የድንጋይ ክብ፣ ስለ ስቶንሄንጅ፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግን ስለ ብሪታንያ ጥንታዊ ድንጋዮች ሲወራ ካላኒሽ ለምን ትዘለላለች? በስኮትላንድ ምዕራባዊ ባሕር፣ በሉዊስ ደሴት ላይ ያለች ትንሽ መንደር ናት። ድንጋዮቿ የቆሙት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ2900 እስከ 2600 ባለው ጊዜ ገደማ ነው። የስቶንሄንጅ ግዙፍ ድንጋዮች ገና አልቆሙም ነበር!

13 ድንጋዮች ክብ ሠርተው ቆመዋል። መሐላቸው ወደ 5 ሜትር የሚጠጋ አንድ ረጅም ድንጋይ አለ። ከአጠገቡ ደግሞ ኋላ የተሠራ ትንሽ የመቃብር ክፍል ይገኛል።

እኔን በጣም የሚገርመኝ አፈሩ ነው። አገሩ ብርድና ዝናብ የበዛበት ስለሆነ የሞቱ ዕፅዋት ቶሎ አይበሰብሱም። ዝም ብለው ይከመሩና ጥቁር አፈር ይሆናሉ። ሕዝቡ ይህን ጥቁር አፈር ቆርጦ፣ አድርቆ ያነደዋል። ይኸው አፈር በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ ድንጋዮቹን እስከ አንድ ሜትር ተኩል ድረስ ቀብሯቸው ነበር። አፈሩ የተነሣላቸው በ1857 እ.ኤ.አ. ነው።

እባካችሁ በሚቀጥለው እትም ለካላኒሽ አንድ ገጽ ስጧት። ስትጽፉም ድንጋዮቹን ብቻ አታሳዩን፤ አጠገባቸው ዛሬም ሰው ይኖራልና መንደሯንም አሳዩን።

አክባሪ አንባቢያችሁ