ገንዘብ ይዘን ሄደን ለምን አይሸጡልንም? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንደምን ከርማችኋል?

ሰሞኑን ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለችው ሱቃችን ስትመጡ ደጋግማችሁ የምታነሱት ጥያቄ አለ። «ገንዘቤን ይዤ ሮሌክስ ወደሚሸጥበት መደብር ሄድኩ፤ ዴይቶና የሚባለውን ሰዓት በመስታወቱ በኩል እያየሁት የለም አሉኝ። ለምንድን ነው?» አንዳንዶቻችሁም ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ «እናንተስ እዚያ ሰው የላችሁም?» ትሉናላችሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ በግርግሩ መሀል በደንብ ማስረዳት ስላልቻልን፣ በደብዳቤ ይሁን አልን። ከእኛ አንዱ እዚህ ከመምጣቱ በፊት ከሮሌክስ ፈቃድ ባለው የሰዓት መደብር ለዓመታት ሻጭ ነበር። የምንነግራችሁ በአብዛኛው እሱ ያየውን ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፈናል።)

መስታወቱ ውስጥ ካለው ሰዓት እንጀምር። ጠጋ ብላችሁ ብታዩ አጠገቡ «ለማሳያ ብቻ» የሚል ትንሽ ጽሑፍ አለ። ሰው እጁ ላይ አድርጎ እንዲሞክረው የተቀመጠ እንጂ የሚሸጥ አይደለም። የሚሸጠው በየጊዜው በሳጥን ይመጣል። ባልደረባችን በነበረበት መደብር ሳጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ ሥራ አስኪያጁ እንኳ አስቀድሞ በእርግጠኝነት አያውቅም ነበር። ሲከፈት ዴትጀስት የሚባለው የሮሌክስ ሰዓት ይበዛል፣ የሴቶች ሰዓትም አለ። ከብረት የተሠራ ዴይቶና ከተገኘ አንድ ነው። እሱን ፈልገው ስማቸውን ያስመዘገቡት ግን ብዙ ናቸው።

ታዲያ ለምን ዋጋውን አይጨምሩም? ፈቃድ ያለው መደብር የሚሸጠው ኩባንያው በተመነው ዋጋ ነው። በ2023 የወጣው የብረት ዴይቶና አሜሪካ ውስጥ ዋጋው 15,100 ዶላር ነበር። ከመደብር ውጪ ግን እጥፍ ገደማ ይጠየቅበት ነበር። እንግዲህ አስቡት። ሥራ አስኪያጁ ያንን ሰዓት ለአንድ ሰው ሲሸጥ በሺህ የሚቆጠር ዶላር አብሮ እየሰጠው ነው። ለማን እንደሚሰጥ ዋጋው አይመርጥለትም፤ ራሱ መምረጥ አለበት። ነገሩ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ለዚህ ነው መዝገቡ ወረፋ ያልሆነው። ቀድሞ የተመዘገበ ቀድሞ አይወስድም። ከስማችሁ ጎን ማስታወሻ ይጻፋል፤ የትኛውን ሰዓት ፈለገ፣ ለምን ፈለገ፣ ከዚህ በፊት ምን ገዛ፣ የገዛውንስ ያደርገዋል ወይ ይላል። ሻጩ ስታወሩ እጃችሁን ያያል። ትልቁ ፍርሃታቸው አትራፊ ነው፤ ገዝቶ ወዲያው በውድ የሚሸጥ ሰው ማለት ነው። ሰዓቱ ሲሸጥ የመለያ ቁጥሩ በገዢው ስም መዝገብ ላይ ይቀመጣል። ብዙ ቦታ ላዩ ላይ ያለውን ፕላስቲክ እዚያው ይልጡታል፤ ማሰሪያውንም በእጃችሁ ልክ ያሳጥሩታል። ያው ሰዓት በሁለት ሳምንቱ ከነጋዴ እጅ ቢገኝ የገዢው ስም ይሰረዛል። መደብሩም ለነጋዴ አሳልፎ ይሸጣል ከተባለ ፈቃዱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ «ለልጄ ምርቃት ነው» ያለ ሰው፣ «ውጪ ስንት ያወጣል?» ብሎ ከጠየቀው ይልቅ ቢሰማ አይግረማችሁ።

እስከዚህ ድረስ እንረዳቸዋለን። የሚያሳዝነን ቀጥሎ ያለው ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ደንበኛችን መጡ። ጂኤምቲ ማስተር የሚባለውን የሮሌክስ ሰዓት ፈልገው አንድ መደብር ይመላለሱ ነበር። ይህን ካልገዙ ያንን አያገኙም ብሎ በግልጽ የነገራቸው የለም። «ከእኛ ጋር ግዢ ቢኖርዎት ጥሩ ነው» ነው የተባሉት። እሳቸውም 3,800 ዶላር ከፍለው የወርቅ አምባር ገዙ። ስምንት ወር ጠበቁ። ከዚያ አምባሩን ከነሳጥኑ አምጥተው ጠረጴዛችን ላይ አስቀመጡት፤ የዋጋው ወረቀት በክር ተንጠልጥሎ ነበር። ስንመዝነው ወርቁ የከፈሉትን ግማሽ እንኳ አያወጣም። ይህን ፊታቸውን እያየን መንገር ከብዶን ነበር። ሰዓቱን እስከ ዛሬ አላገኙም።

እጥረቱ ሆን ተብሎ ነው ወይ ትሉናላችሁ። ሮሌክስ በ2021 በሰጠው መግለጫ ሆን ብዬ ያደረግኩት አይደለም ብሏል። እኛ እናምነዋለን። ስዊዘርላንድ ቡል ከተማ ውስጥ በ2029 ሥራ ይጀምራል የተባለ ትልቅ ፋብሪካ እየሠራ ነው፤ ማስራብ የፈለገ ይህን አይሠራም። ሌላው የስዊዘርላንድ ሰዓት ሠሪ ፓቴክ ፊሊፕ ግን የተለየ ነው። ብዙ ሰው የሚመኘውን 5711 ኖቲለስ የተባለ ሰዓቱን ማምረት እንደሚያቆም በ2021 አስታወቀ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ከአሜሪካው ጌጣጌጥ ቤት ከቲፋኒ ጋር 170 ብቻ ሠራ፤ አንዱ ኒው ዮርክ ውስጥ በጨረታ በ6.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። እዚያ ደረጃ ላይ የቆየ ደንበኛ ያልሆነ ሰው ባይደክም ይሻላል።

ምን ይሻላል ካላችሁን፣ ለቤታችሁ የሚቀርብ አንድ መደብርና አንድ ሻጭ ያዙ። የምትፈልጉትን አንድ ሰዓት ንገሩት። በየተወሰነ ጊዜ ብቅ በሉ። «የመጣውን ማንኛውንም» አትበሉ፤ አትራፊ የሚለው እሱን ነው። መጠበቅ ካልፈለጋችሁ፣ ሮሌክስ ራሱ መርምሮ ያረጋገጣቸው ያገለገሉ ሰዓቶች ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ በአንዳንድ ወኪሎች ይሸጣሉ። ውድ ናቸው፣ ግን መለመን የለም። ከመደብር ውጪ ያለው ዋጋም በ2022 ከደረሰበት ጣሪያ ወርዷል።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ «ሰው አለን፣ እናመጣላችኋለን» ብለን ቀብድ አንቀበልም። ባልደረባችንም የድሮ ጓደኞቹን አያስቸግርም። ከመደብር ከወጣ ዓመት ያልሞላው ሰዓትም አንገዛም፤ ስማችሁ እንዲሰረዝ ምክንያት መሆን አንፈልግም። አምባር ወይም ሐብል ግዙ ከተባላችሁ ግን ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ደውሉልን። ክብደቱንና ካራቱን ንገሩን፤ ወርቁ ስንት እንደሚያወጣ እዚያው በስልክ እንነግራችኋለን። ለዚህ ምንም አናስከፍልም።

በአክብሮት፣
ሰዓት ቤታችሁ