አባዬ፣ ስለዚያ መነጽር

አባዬ፣

እንዴት ነህ? ጉልበትህስ? ከዘራ ያዝ ሲሉህ «ገና ነኝ» ማለትህን ሰምቻለሁ። ወደሱ እመለሳለሁ፤ አላመለጥክም።

ባለፈው ስንደዋወል ከኋላዬ ሙዚቃ ሰማህና «አሁንም ያንን ጩኸት አልተውሽም?» አልከኝ። ስቄ ወሬ ቀየርኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ከነከነኝ። አስራ ስድስት ዓመቴ እያለም በሬን ገርበብ አድርገህ «ምን እያሉ ነው እነዚህ ሰዎች?» ብለኸኝ ነበር። «ምንም» አልኩህ። አንገቴን እንኳን አላዞርኩም። በሩን ቀስ አድርገህ ዘጋኸው።

ያኔ የጠየቅከኝ የምርህን ነበር መሰለኝ። እኔ ቁጣ መስሎኝ ነበር። ስለዚህ ዘግይቶም ቢሆን ይኸው መልሱ። በስልክ እንዳልነግርህ ማዳመጫህ ያፏጫል፤ ግማሹን ሳትሰማኝ «እሺ፣ እሺ» ትለኛለህ። (አውቅብሃለሁ።) ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።

እንደውም ከፉጨቱ ልጀምር። እንድትሰማ ጆሮህ ላይ ያደረግካት መሣሪያ ትንሽ ማይክሮፎንና ትንሽ ድምፅ ማጉያ ናት። ስልኩን ስታስጠጋት ከማጉያዋ የወጣው ድምፅ ተመልሶ ማይክሮፎኗ ውስጥ ይገባል። እንደገና ይጎላል፣ እንደገና ይገባል። ከዚያ ሲጥ ትላለች። የሮክ ጊታር ተጫዋቾች ይህንኑ ነገር ሆን ብለው ያደርጉታል። ጊታሩን ይዘው ወደ ትልቁ ስፒከር ይጠጋሉ፤ ክሩ ከስፒከሩ በሚወጣው በገዛ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ማንም ሳይነካው ይጮሃል። ፊድባክ ይሉታል። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሲሉ ይቀየራል፣ ፊታቸውን ሲያዞሩ ይጠፋል። አንተን የሚያናድድህን ነገር እነሱ ይጫወቱበታል።

ሙዚቃው ኦልተርኔቲቭ ሮክ ይባላል። «አማራጭ» ማለት ነው። የምን አማራጭ ብትለኝ፣ በ1980ዎቹ ትልልቆቹ ራዲዮ ጣቢያዎች ከሚያጫውቱት ውጭ የነበረው ነው። አሜሪካ ውስጥ ተማሪዎች የሚያንቀሳቅሷቸው የኮሌጅ ራዲዮዎች ነበሩ፤ እንደ አር.ኢ.ኤም. ያሉ ባንዶች በዚያ በር ነው የገቡት። ከዚያ በሴፕቴምበር 1991 ኒርቫና የሚባሉ ሦስት ልጆች «ኔቨርማይንድ» የሚል አልበም አወጡ። በጃንዋሪ 1992 የማይክል ጃክሰንን «ዴንጀረስ» ቢልቦርድ ከሚባለው የአሜሪካ የአልበሞች ደረጃ ሰንጠረዥ አንደኝነት አወረዱት። ማይክል ጃክሰንን! ከዚያ ወዲህ አማራጩ ራሱ ዋናው ሆነና ስሙ ትርጉም አጣ። ለመቀየር የደከመ ግን የለም።

እኔ ከሁሉም አስበልጬ የምወደው ፒክሲስ የሚባለውን ባንድ ነው። ቦስተን ላይ በ1986 የተሰባሰቡ ናቸው። የኒርቫናው ከርት ኮቤይን በ1994 ለሮሊንግ ስቶን መጽሔት ሲናገር፣ ዝነኛውን ዘፈኑን የጻፈው ፒክሲስን ለመኮረጅ ሲሞክር እንደሆነ አልደበቀም። የኮረጀው ምን መሰለህ? ጸጥታውን። ስንኙ ላይ በአብዛኛው ወፍራም ድምፅ ያለው ባስ ጊታርና ከበሮ ቀርተው ዘፋኙ ጆሮህ ስር ያለ ይመስል ያንሾካሹካል። አዝማቹ ሲደርስ ሁሉም ባንዴ ይፈነዳል። ከዚያ ተመልሶ ጸጥ። አንተ ከበሩ ውጭ ሆነህ የደረሰህ ፍንዳታው ብቻ ነው። ዝቅ ያለው የዘፈኑ ክፍል በር አያልፍም።

ደግሞ ይህን ነገር ካንተ በላይ ማን ያውቀዋል። ስትቆጣ ድምፅህን ዝቅ ታደርግ ነበር። እኛ የምንፈራው ያቺን ዝቅታ ነበር፤ ከሷ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አናውቅማ። አንዳንዴ ምንም አይመጣም። እሱ ይብስ ነበር።

አንድ ቀን ብቻ በሩ ላይ ቆመህ ዘፈን ጨርሰሃል። ትዝ ይልሃል? «ይቺስ ማናት?» ብለህ ነበር። ዶሎረስ ኦሪዮርደን ትባላለች፤ ክራንቤሪስ የሚባል የአየርላንድ ባንድ ዘፋኝ። ድምጿ ከፍ ሲል ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁን አትደብቀውም። «ይቺ ልጅ ታለቅሳለች እንጂ አትዘፍንም» አልክ። ልክ ነበርክ። ዘፈኑ «ዞምቢ» ነው። በማርች 1993 እንግሊዝ ውስጥ ዋሪንግተን በምትባል ከተማ ቦምብ ፈንድቶ ሁለት ልጆች ሞቱ፤ አንዱ የ3 ዓመት፣ ሌላው የ12። ስለነሱ ነው የጻፈችው። ያኔ ይህን ብነግርህ ኖሮ ገብተህ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጥ ነበር። እሷም በጃንዋሪ 2018 በ46 ዓመቷ ሞተች። የዚያን ቀን ልደውልልህ አስቤ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ።

አሁን ወደ መነጽሩ።

አስራ ሰባት ዓመቴ ላይ መነጽሬ ተሰብሮ መጣሁ። «ትምህርት ቤት ሰው ገፍቶኝ ወደቅኩ» አልኩህ። መገፋቴ እውነት ነው። መውደቄም። ውሸቱ ትምህርት ቤቱ ነው። ኮንሰርት ሄጄ ነበር።

ጣሪያው ዝቅ ያለ ትንሽ አዳራሽ ነው። ባንዱም ዛሬ ስሙን የሚያስታውስ ያለ አይመስለኝም። በር ላይ የቆመው ሰውዬ እጄ ጀርባ ላይ ሰማያዊ ማህተም መታልኝ። ገብቼ መጀመሪያ የገረመኝ ድምፁ በጆሮ አለመምጣቱ ነው። ትልቁ ከበሮ ሲመታ ደረቴ ላይ አረፈ። ባሱ በጫማዬ ሶል ገብቶ ጉልበቴ ጋ ቆመ። ዘፈኖቹን ቤት ስሰማቸው የኖርኳቸው ናቸው፤ ሆዴ ግን ሰምቷቸው አያውቅም ነበር።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ መሀሉ ተከፈተ። ሞሽ ፒት ይሉታል፤ ሰዉ ክብ ሠርቶ እርስ በርስ የሚጋጭበት ቦታ ነው። ለሚያየው ድብድብ ነው። ተገፍቼ ገባሁ። የአንዱ ትከሻ ፊቴን አገኘው፣ መነጽሬ በረረ፣ እኔም ወለሉ ላይ ተዘረጋሁ። ለአንድ አፍታ የሚታየኝ ጫማ ብቻ ሆነ። ከዚያ ብብቴ ስር እጆች ገቡ። አራት ይሁኑ ስድስት አላውቅም። ሳልጮህ፣ ሳልጠራ አነሱኝ። እዚያ ውስጥ ያልተጻፈ ሕግ አለ፤ የወደቀን ሰው ማንሳት ከሁሉ ይቀድማል። ቀና ስል አንድ ረጅም ልጅ እጁን ከጭንቅላቱ በላይ ዘርግቶ ዙሪያውን ይዞራል። ያለ መነጽር ፊቱ ጭጋግ ነው። ጣቶቹ መሀል የሚያብለጨልጨውን ግን አወቅኩት።

ግራው መስታወት የለም። ቀኙ ተርፏል። የቀረውን ኮንሰርት አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አየሁት። ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር።

ሁሌ እንዲህ ደስ ብሎ ያልቃል ብዬ አልዋሽህም፤ አንዴ ዋሽቻለሁ ይበቃል። በጁን 2000 ዴንማርክ ውስጥ ሮስኪልደ በሚባለው ፌስቲቫል ፐርል ጃም የሚባለው ባንድ እየተጫወተ ሳለ ሰዉ ወደ መድረኩ ተገፋፍቶ ዘጠኝ ወጣቶች ሞቱ። ዘፋኙ ሙዚቃውን አቁሞ «ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ» እያለ ይለምን ነበር። ስለዚህ ዛሬ ስሄድ መውጫው የት እንደሆነ ሳላይ አልቆምም። ይህን የተማርኩት ካንተ ነው፤ የትም ስንገባ መጀመሪያ በሩን የምታየው አንተ ነህ።

ባልነበርኩበትም የምቀናበት አንድ ምሽት አለ። ጁን 1997፣ እንግሊዝ፣ ግላስተንበሪ ፌስቲቫል። ዝናቡ ሜዳውን ጭቃ አድርጎታል። ሬዲዮሄድ የሚባሉት ባንድ «ኦኬ ኮምፒውተር» የሚለውን አልበም ገና ማውጣታቸው ነው፤ መድረኩ የነሱ ነው። ዘፋኙ ቶም ዮርክ የራሱን ድምፅ የሚሰማባቸው ስፒከሮች ተበላሹ። ራሱን አይሰማም። መብራቱ ዓይኑ ላይ ስለበራ ማንም አይታየውም። ጥሎ ለመውጣት ትንሽ ነበር የቀረው። ከዚያ መብራት የሚቆጣጠረውን ሰው ጠርቶ «ወደ ሰዉ አዙረው» አለው። ዞረ። እስከ ሜዳው ጥግ ድረስ የሰው ፊት ታየው። ዘፈነ።

ይህ ታሪክ ትዝ የሚለኝ መቼ እንደሆነ ታውቃለህ? ቤቱ ሙሉ ሰው ሆኖ ሁላችንም ባንዴ ስናወራ፣ ድምፁ ሲደበላለቅብህ ወደ መስኮቱ ዞረህ ትቀመጣለህ። እኛም «ደክሞት ነው» እንላለን። አይደለም። አትሰማም፣ አታየንምም። ከዚህ በኋላ እኔ ባለሁበት ተራ በተራ ነው የሚወራው፤ ፊታችንም ብርሃን ላይ ይሆናል። ካልሆነ አንተ ራስህ «አዙሩት» በል።

ከዘራውን አልረሳሁም። ኒርቫና ውስጥ ከበሮ ይመታ የነበረው ዴቭ ግሮል ኋላ ፉ ፋይተርስ የሚባል የራሱን ባንድ አቋቋመ። በጁን 2015 ስዊድን፣ ጎተንበርግ ላይ ሲዘፍን ከመድረክ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ወለሉ ላይ ተጋድሞ ማይክሮፎን ተቀብሎ «እግሬን የሰበርኩ ይመስለኛል» አለ። ባንዱ መጫወቱን ቀጠለ። እሱ ታስሮለት ተመለሰና፣ ሐኪም እግሩን ይዞለት፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ኮንሰርቱን ጨረሰ። ለቀጣዮቹ ኮንሰርቶች ዙሪያው በጊታር አንገት ያጌጠ ዙፋን አሠራ። ዙፋን! እግሩን ዘርግቶ እንደ ንጉሥ ተቀምጦ ዓለምን ዞረ። አንተን የጠየቅንህ አንዲት እንጨት እንድትይዝ ነው።

አሁን ደግሞ ሁለተኛው ውሸቴ። እሱ ይከብዳል።

ከዚያ አዳራሽ ወጥቼ ለሁለት ቀን ጆሮዬ ጭው ሲል ነበር። ሲጠፋ ረሳሁት። ከዚያም በየኮንሰርቱ እንዲሁ፤ ሁልጊዜ ከስፒከሩ ስር፣ ሁልጊዜ ያለ ምንም መከላከያ። አንድ ቀን ግራው ጭው አለና ቀረ። ይኸው ስንት ዓመቱ። ሂሳቡን ያወቅኩት ኋላ ነው። የሥራ ቦታ ጤና ባለሙያዎች 85 ዲሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) የሚደርስ ድምፅ ጆሮ በቀን ለስምንት ሰዓት ይችለዋል ይላሉ። ድምፁ በ3 ዲሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ የሚቀርህ ሩብ ሰዓት ነው። የሮክ ኮንሰርት ደግሞ 100ን አልፎ ሁለት ሰዓት ይዘልቃል። ማይ ብለዲ ቫለንታይን የሚባሉት፣ የድምፃቸው ብርታት በዓለም የታወቀው፣ በ2008 ኮንሰርታቸው በር ላይ ራሳቸው የጆሮ መድፈኛ ያድሉ ነበር። አሁን እኔም ሁለት ትንንሽ መድፈኛዎች ኪሴ ውስጥ አሉ። ሙዚቃው አይጠፋም፤ ይቀንሳል እንጂ።

ለምን እንደነገርኩህ ታውቃለህ። ማታ ማታ «ጆሮዬ ጭው ይላል» ስትል «እርጅና ነው አባዬ» ያልኩህ እኔ ነኝ። የኔም እኮ ይላል። ሌሊት ሁሉም ጸጥ ሲል ይብሳል አይደል? እኔ ራዲዮ ዝቅ አድርጌ ከፍቼ ነው የምተኛው። ሞክረው።

የምልክልህ ዘፈን ብዙ አይደለም። ጆሮ ሲያረጅ ቀድሞ የሚሸሸው ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ ወፍራሙ ይቆያል። ስለዚህ በፒክሲስ «ጃይጋንቲክ» ጀምር፤ የ1988 ነው። ኪም ዲል ባሱን ብቻዋን ትጀምረዋለች። ቀጥላ የምትዘፍነውም እሷው ናት። ማዳመጫህ የሙዚቃ ማስተካከያ ካለው እሱ ላይ አድርገው፤ የንግግሩ ላይ ከሆነ ጊታሩን እንደ ረብሻ ቆጥሮ ሊያፍነው ይችላል። (ባህሪው ካንተ ጋር ይመሳሰላል።)

ቀጥሎ የኒርቫና «ኤምቲቪ አንፕላግድ» የሚባለው፣ ለቴሌቪዥን የተቀረጸው ዝግ ያለ ኮንሰርት ነው፤ ኖቬምበር 1993፣ ኒውዮርክ። ይሄኛውን በምስል እየው። መድረኩ በሻማና በአበባ የተሞላ ነው፤ ኮቤይን ራሱ ነው እንዲህ ይሁን ያለው። ሹራብ ለብሶ ተቀምጧል። እስከ መጨረሻው ዘፈን ድረስ ጩኸት የለም። የመጨረሻው የድሮ ዘፈን ነው፤ ሌድ ቤሊ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ይዘፍነው የነበረ። መጨረሻው ላይ ድምፁ እስኪሰነጠቅ ይወጣል፤ የመጨረሻው ስንኝ መሀል ቆም ይላል፣ ዓይኑን ይከፍታል፣ ይተነፍሳል። ያቺን ትንፋሽ ጠብቃት። በአምስት ወሩ ሞተ፤ ገና 27 ዓመቱ ነበር። «ምን እያሉ ነው?» ላልከኝ እኔ ያለኝ መልስ ያቺ ትንፋሽ ናት፤ ከዚህ የተሻለ ማስረዳት አልችልም።

አንድ ነገር ግን እኔም ልጠይቅህ። ያን መነጽር የጠገንከው አንተ ነህ። መብራቱን ስበህ አጠገብህ አድርገህ፣ በቀጭን ሽቦ ክንዱን አስረህ፣ ማጣበቂያው እስኪደርቅ በሁለት ጣትህ ይዘኸው ተቀምጠህ ነበር። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ እጄን በእጅጌዬ ሸፍኜ ነበር የምዞረው፤ ማህተሙ በሳሙና አልለቅ ብሎኝ። «እንቺ» ስትለኝ ግን ረስቼ ሁለት እጄን ዘርግቼ ተቀበልኩህ። ሰማያዊው ማህተም እዚያው ነበር፣ ከመብራቱ ስር። ትንሽ ቆየህ። «ጠንቀቅ በይ» ብቻ ብለህ ሽቦህን መጠቅለል ጀመርክ።

አይተኸው ነበር እንዴ?

ልጅህ