የማይሞት ሰው ምን ያጣል? የሥነ ጽሑፍና ድራማ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበቡ ዘንድሮ የያዘው ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ የማይሞት ገጸ ባሕርይ መጻፍ። ርዕሱን የመረጡት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። በመጀመሪያው ወር የቀረቡት አጫጭር ልብ ወለዶች ግን ሁሉም አንድ በሽታ ነበረባቸው። ጀግናው ሺህ ዓመት ይኖራል፣ ጎራዴ አይቆርጠውም፣ የማያውቀው ነገር የለም፤ መጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርስ «ብቸኛ ነኝ» ብሎ ያለቅሳል። አንባቢ አብሮት አያለቅስም። ምን ሊያጣ እንደሚችል ካልታወቀ እንባው ውኃ ነው።

ስለዚህ ጽሕፈቱ ቆሞ ወደ ንባብ ተገባ። የተነበበው የጥንቱ ግሪካዊ ባለቅኔ የሆሜር «ኦዲሴ» 5ኛ መጽሐፍ ነው። ሞት የማይነካት አምላክ ካሊፕሶ ከጦርነት ወደ አገሩ የሚመለሰውን ጀግና ኦዲሴዎስን በኦጊጊያ ደሴት 7 ዓመት አስቀምጣዋለች። እንዳይሞት፣ እንዳያረጅም ልታደርገው ቃል ገብታለታለች። እሱ ግን ቀን ቀን ባሕር ዳር ተቀምጦ አገሩን እያሰበ ያለቅሳል። በመጨረሻ የአማልክት አለቃ ዜውስ በመልእክተኛው በሄርሜስ በኩል «ልቀቂው» የሚል ትእዛዝ ይልክባታል።

የትዕይንቱ ልብ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ካሊፕሶ ወደ ባሕሩ ዳር ወርዳ በፈቃዷ እንደምትሸኘው ትነግረዋለች፤ ስለ ዜውስ ትእዛዝ ትንፍሽ አትልም። ተማሪዎቹ ትዕይንቱን ለመድረክ ሲጽፉ በመጀመሪያው ረቂቅ ይህን «አርመውት» ነበር፤ ካሊፕሶ ሁሉን እየዘረዘረች ትናዘዛለች። ትዕይንቱ ሞተ። ትእዛዙ ሲደበቅ ግን ኦዲሴዎስ የማያውቀውን ተመልካቹ ያውቃል። ተገድዳ የምትለቀውን በፈቃዷ የሰጠች መምሰሏ ኩራቷንም ሽንፈቷንም ባንድ ላይ ያወጣዋል። እሱ ደግሞ አላመናትም፤ ሌላ ተንኮል እንደሌላት ካልማለችለት ታንኳ ላይ እንደማይወጣ ይነግራታል። ፈገግ ብላ በእጇ ዳሰስ ታደርገውና አማልክት በሚምሉበት በስቲክስ ወንዝ ውኃ ትምላለች። የ7 ዓመት ኑሮ ያተረፈላት ይህን ጥርጣሬ ነው።

እዚህ ላይ የአማርኛው ራስ ምታት መጣ። የሆሜር ግሪክኛ እንደኛ አንቺና እርስዎ ብሎ አይለይም። ኦዲሴዎስ ምን ብሎ ይጥራት? «አንቺ» ካላት የተፋቀሩ ባልና ሚስት ይመስላሉ። በጸሎት ፈጣሪን «አንተ» ስለምንል እሷም «አንቺ» ትባል ብለው የተሟገቱም ነበሩ። በመጨረሻ የጸናው «እርስዎ» ነው። እሷ «አንተ» ትለዋለች፣ እሱ ከ7 ዓመት በኋላም «ካልማሉልኝ» ይላታል። አንድ አንቱታ ሙሉ ገጽ ቃለ ተውኔት አስቀረልን።

ማዕዱም ላይ እንዲሁ ሆነ። በታሪኩ ለእሷ የአማልክት ምግብ፣ ለእሱ የሰው ምግብ ይቀርባል፤ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይበላሉ። በልምምድ ወቅት ጉርሻ ይግባበት ተብሎ ተሞከረና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ወደ ሁለቱ ሳህኖች ተመለስን፤ በእሱ ላይ ዳቦና ፍራፍሬ፣ በእሷ ላይ ምንም። የአማልክትን ምግብ ለማስመሰል በከረሜላ ቀለም ከመድከም ባዶው ሳህን ይሻላል። ከአንድ መሶብ መብላት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ተመልካች ቀሪውን ራሱ ይሞላዋል።

ከንባቡ በኋላ እያንዳንዱ ጸሐፊ ከመጀመሩ በፊት ሦስት መስመር ያለው ካርድ እንዲሞላ ተደረገ። ገጸ ባሕርዩ ምን ይፈልጋል? ኃይሉ ያንን ሊያመጣለት ያልቻለው ለምንድን ነው? በትዕይንቱ ውስጥ እጁ ምን ይሠራል? የሚያስቸግረው ሦስተኛው ነው። ካሊፕሶ ለሚሄድባት ሰው መጥረቢያ ትሰጠዋለች፤ ረጃጅም ዛፎች ያሉበትን ታሳየዋለች፤ መሰርሰሪያ፣ ከዚያም ለሸራ የሚሆን ጨርቅ ታመጣለታለች። 20 ዛፍ ይቆርጣል፣ ሥራውን በ4 ቀን ይጨርሳል፣ በ5ኛው ቀን አጥባ፣ አልብሳ፣ ወይን፣ ውኃና ስንቅ ጭና ትሸኘዋለች። ይህን ሁሉ የሚሠራው እጅ ነው። ሦስተኛው መስመር ላይ «ያለቅሳል» ተብሎ የተጻፈበት ካርድ ተመላሽ ይሆናል።

በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት የተሠራው አጭሩ የኤዎስና የቲቶኖስ ታሪክ ነው፤ ለፍቅር አምላኳ ለአፍሮዲቴ ከተደረሰው ጥንታዊ የግሪክ መዝሙር የተወሰደ። የንጋት አምላክ ኤዎስ ለምትወደው ሰው ለቲቶኖስ ዘላለማዊ ሕይወት ከዜውስ ለመነች፤ ወጣትነትን መለመኑን ግን ረሳች። ሲሸብት ከአልጋው ራቀች፤ መመገቡንና ማልበሱን ግን አልተወችም። እጅ እግሩ አልታዘዝ ሲለው ክፍል ውስጥ አስገብታ በሩን ዘጋችበት፤ ድምፁ ብቻ ሳያቋርጥ ይፈስሳል። ሺህ ዓመትን በመድረክ ማሳየት አይቻልም፤ የአንድ ሰው ሰውነት ሲያረጅ ማሳየት ግን ይቻላል። መጀመሪያ የቲቶኖስ ድምፅ በድምፅ ማጉያ ተለቀቀና ከጣሪያ የመጣ የመላእክት ድምፅ መሰለ። ተዋናዩ ከእንጨቱ በር ጀርባ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ያለ ማጉያ ሲያወራ ተስተካከለ። ተማሪዎቹ ኤዎስን ጨካኝ ሊያደርጓት ፈልገው ነበር፤ በእኔ አስተያየት ግን ጨካኝ ከሆነች ታሪኩ ይረክሳል። ስሕተቷ ተቻኩሎ የለመነ ወዳጅ ስሕተት ነው፤ ራሷም ስለማትሞት ማብቂያ የለውም።

ለሚቀጥለው ዓመት የታሰበው የሆሜር የሌላው ሥራ፣ የ«ኢልያድ» 16ኛ መጽሐፍ ነው፤ ዜውስ የልጁን የሳርፔዶንን ሞት ማስቀረት እየፈለገ ሚስቱ ሄራ ስትቃወመው የሚተወውና በምድር ላይ የደም ዝናብ የሚያዘንብበት። ዝናቡ በምን እንደሚሠራ አልተወሰነም። የታንኳው ግንዶች ዕቃ ቤት ስላሉ አዲስ እንጨት አይገዛም፤ ቀይ ቀለም ግን ከመጋረጃው ስለማይለቅ ከወዲሁ ተከልክሏል።