የሻርክ ዕንቁላል እንደ ሌሎቹ ዓሦች ዕንቁላል አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በሳይንስ ዓምዳችሁ ስለ ዓሦች መራባት የወጣው ጽሑፍ፣ ዓሦች ሁሉ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ዕንቁላላቸውን ውኃ ውስጥ ስለሚጥሉ ምንም ያህል ቢጠመዱ ፈጥነው ይተካሉ ማለቱ አሳስቦኛል። ይህ ለብዙዎቹ አጥንታም ዓሦች በከፊል ቢሠራም፣ አፅማቸው ካርቲሌጅ በሚባለው ልም አጥንት ለተሠራው ለሻርክና ዘመዶቹ ለሆኑት ለሬይና ለኪሜራ ግን ፈጽሞ አይሠራም። የእነዚህ ዕንቁላል ጥቂት ነው፤ ከወንዱ ዘር ጋር የሚገናኘውም በእናቲቱ አካል ውስጥ ነው።

ዕንቁላሉ የሚያድግበት መንገድ ራሱ ጊዜ የሚፈጅ ነው። ኦቫሪ ከተባለው ዕንቁላል አመንጪ አካል የሚወጣው ኤስትሮጅን የተባለ ሆርሞን ጉበትን ሲቀሰቅሰው፣ ጉበቱ ቪቴሎጀኒን የተባለውን ፕሮቲን ሠርቶ ወደ ደም ይለቃል፤ በማደግ ላይ ያለው የዕንቁላል ሕዋስም ይህን ፕሮቲን ከደም እየተቀበለ አስኳል አድርጎ ያከማቻል፤ በብዙ ዝርያዎችም ይህ አንድ ሕዋስ በሴንቲሜትር እስኪለካ ድረስ ይገዝፋል። ሩከርት የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1892 በሻርክ የዕንቁላል ሕዋስ ውስጥ ያያቸውን ክሮሞሶሞች (ጂኖችን የተሸከሙ ክሮች) የመብራት ብርጭቆ መወልወያ ብሩሽ ስለመሰሉት በዚያው ስም ጠራቸው። በጎንና በጎናቸው የተዘረጉት ቀለበቶች፣ ጂኖቹ ለዕንቁላሉ የሚያስፈልገውን መልእክት በብርቱ እያስገለበጡ መሆናቸውን ያሳያሉ።

የዝግመተ ለውጡ ታሪክ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ይማርከኛል። በእነዚህ ዓሦች ዘንድ ዕንቁላል ጣይነትና ግልገል ወላጅነት በተለያዩ ወገኖች ተለያይቶ የተገኘ ሲሆን፣ የዕንቁላሉ መጠንም አብሮ ተለውጧል። ዕንቁላል የሚጥሉት፣ «ስኬት» የተባሉት የሬይ ዘመዶች ለፅንሱ የሚበቃውን ምግብ ሁሉ በአስኳሉ አዘጋጅተው በጠንካራ ከረጢት ይሸፍኑታል። ስኮሊዮዶን የተባለው ትንሽ ሻርክ ግን ፅንሱን በእንግዴ ልጅ ስለሚመግብ ዕንቁላሉ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ወርዷል። ሳንድ ታይገር በተባለው ሻርክ ደግሞ በየማሕፀኑ ቀድሞ ያደገው ፅንስ ወንድምና እኅቶቹን ይበላል፤ ከዚያም እናቲቱ ያልፀነሱ ዕንቁላሎችን ለእርሱ ቀለብ እያደረገች ማውጣቷን ትቀጥላለች።

ስፓይኒ ዶግፊሽ የተባለችው ትንሽ ሻርክ ጥቂት ግልገሎቿን ለመውለድ እስከ 2 ዓመት ድረስ ታረግዛለች። ስለዚህ ጽሑፉ «ፈጥነው ይተካሉ» ያለው ቃል ቢያንስ ለእነዚህ ዓሦች እንዲታረም በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢያችሁ